የደም ሥር ሲቆጣ

ከጤና ጣቢያው በቦርድ የተሰናበትኩት በእጄ ምክንያት ነው። በረኪናና ስፒርት የጣቶቼን ቆዳ ሲልጡት ኖረው በመጨረሻ ጓንቱም አላድነኝ አለ። ሥራውም ቢሆን እየቀረ ነበር። ዛሬ ወባ የሚታየው በትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው፤ ደም ጠብ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው፣ እንደ ድሮው ደም የሚቀባበት፣ የሚታጠብ መስታወት የለም። ስለ ጡረታው ብዙ አልልም፤ ትንሽ ናት፣ ግን በወሩ ትመጣለች።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ስጽፍ መስመሬ ቀጥ አይልም፣ ታናሿ ልጄ እያነበበች ታቃናልኛለች። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሌላ ሰው የሚያይበትን መስታወት ሳጥብ ነው የኖርኩት። በዚያ መስታወት ውስጥ ያየሁት ነገር ግን ኋላ በገዛ ልጄ ደረት ውስጥ ገጠመኝ። ለዚህ ነው መጻፌ።

በመተማ ቆላ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ያኔ የነበሩት ኃላፊ ወለሉ ካላብረቀረቀ በሽተኛ የሚድን አይመስላቸውም። ክረምት ሲገባ ከደጋ ለአረም የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በጭቃ እግሩ ይገባል፤ እኔ እወለውላለሁ፣ እሱ ይረግጣል፣ ኃላፊው እኔን ይቆጣሉ። ቀጥለው የመጡት ኃላፊ ደግሞ የሰው እጥረት ሲሆንባቸው ወደ ላቦራቶሪ ላኩኝ።

«ለጋሽ ሞላ መስታወት እጠቢላቸው። ከተጣላችሁ ግን ወደ እኔ እንዳትመጭ፤ ከሳቸው ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ የለም» አሉኝ።

ጋሽ ሞላ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው፣ የወገራ ሰው፣ ቀጭን። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። የመጀመሪያ ቀን ያጠብኩትን መስታወት አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረጉት።

«አንች፣ ይህን በምን ያዝሽው?»

«በእጄ ነዋ፣ ጋሼ።»

«በእጅሽ መሆኑንማ አየሁ። በእግሩ የሚይዝ ገና አልተቀጠረም። በየት በኩሉ?»

መስታወት በጠርዙ ነው የሚያዘው። ፊቱን የነካ ጣት ቅባት ይተውበታል፤ ቅባቱ ለዓይን አይታይም፣ ደሙ ግን ያገኘዋል። እዚያ ሲደርስ ይሸሽና ክብ ቀዳዳ ይሆናል። በሳሙና ውሃ ማሳደር፣ በሚወርድ ውሃ ማለቅለቅ፣ ስፒርት ውስጥ ነክሮ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ማድረቅ፤ ነጠላው ብዙ ጊዜ የታጠበና ብናኝ የማይጥል መሆን አለበት። በአጨዳ ወራት ደግሞ የሰሊጡ አቧራና የሚቃጠለው ገለባ ጥላሸት በመስኮት ይገባል። አንዲት ጥላሸት በማይክሮስኮፕ ስትታይ ወባ ትመስላለች። ስለዚህ የደረቀውን ወዲያው መክደን ነው። የደሙ ማቅለሚያ ጊምሳ ይባላል። እሱን የሚበጠብጡበትን ውሃ ጋሽ ሞላ መጀመሪያ አሽትተው፣ ከዚያ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነክተው ነው የሚቀበሉት። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደሙ ሁሉ ሰማያዊ እየሆነ ያስቸግራቸዋል።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ የሚፈልጉትን ሲያጡ «የለም» አይሉም። «አላየሁም» ነው የሚሉት። ሐኪሙ «ጋሽ ሞላ፣ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሲያፋጥጣቸው፣ «እኔ የምነግርህ ዓይኔን ነው፣ የሰውየውን ሆድ አይደለም» ይሉታል። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ሲያሳዩኝ ስሙን አይነግሩኝም። አስቀድመው «ምን አየሽ?» ይላሉ።

መጀመሪያ ሊያሳዩኝ ሲሉ ወንበሩን ለቀውልኝ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አስደገፉኝ።

«ምን አየሽ?»

«ሰሊጥ። ሸራ ላይ የተበተነ፣ ቀላ ያለ ሰሊጥ።»

«እሱ ቀዩ የደም ሴል ነው። ሌላስ?»

ሌላውን ለማግኘት ብዙ ፈለግሁ። በዚያ ሁሉ ሰሊጥ መሃል እዚህም እዚያም ሆዳቸው ወይን ጠጅ የሆነ ትልልቆች አሉ። አንዱ ውስጡ የተቆራረጠ የወይን ዘለላ ይመስላል። አንዱ ክብ ፍሬ ነው። አንዱ ደግሞ ከሁሉም ይገዝፋል፣ ውስጡ እንደ ባቄላ ጎበጥ ያለ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረንጅኛውን ስም ትተው ከወዲያ ማዶ «አለም፣ ዛሬ ዘለላው በዝቷል፣ ነይ እይ» ይሉኝ ጀመር። ትልልቆቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ የሰውነት ወታደሮች።

እኔን ያስደነቀኝ ባቄላው ነው። «እሱ ለደም አልተፈጠረም» አሉኝ አንድ ቀን። «ደም ለሱ መንገድ ነው። ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ያብጥና በላተኛ ይሆናል።»

«ምን ይበላል?»

«ያላወቀውን ሁሉ።»

ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ማከሚያ ውስጥ ሲሠሩ ለማስተማሪያ ያስቀሩት መስታወት ነበራቸው፣ ከታማሚ ጣፊያ የተቀዳ። እሱን አሳዩኝ። በላተኛው ተነፍቶ ሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ፍሬዎች ታጭቀዋል።

«በልቷቸዋል!» አልኩ።

«በልቷቸዋል። ግን አልፈጫቸውም። እዚያው ውስጡ ይራባሉ። እንግዲህ ማን ማንን በላ ትያለሽ?»

ቤቴ ስሄድ ያንን እያሰብኩ ሄድኩ። ለካ ጠላትን መዋጥና ጠላትን ማጥፋት ሁለት ነገር ነው። ባለቤቴ፣ ተገኘ ይባላል፣ ከጎጃም ለእርሻ መጥቶ እዚሁ የቀረ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ነገሩን ስነግረው «እንዲያውስ የኔ ወታደሮች ሰነፎች ናቸው፤ በየዓመቱ ወባ ሲጥለኝ የት ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

አንድ የአጨዳ ወራት የአንድ እርሻ ካቦ መጣ። ሠራተኛውን ሲመራ የዋለ ጠንካራ ጎልማሳ ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያልበዋል። «ጨጓራዬ ነው፤ ትናንት ጮማ በዝቶብኝ ነው» እያለ ከነርሷ ጋር ይቀልዳል። በኛ አገር ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። የወባ ወራት ስለሆነም እንደ ማንም ሰው ለደም ምርመራ ወደኛ ላኩት።

ጋሽ ሞላ መስታወቱ ላይ በወፍራሙም በስሱም የተቀባውን ደም አዩ። «አላየሁም» አሉ። ደግመው አዩ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ምን አየሽ?»

«ዘለላ። ብዙ ዘለላ።»

«ጠላት አላየንም፤ ወታደሩ ግን ወጥቷል። በማን ላይ ነው የወጣው?»

መልሱን አላወቁትም። ያኔ የልብ ምት የሚያነብ መሣሪያ አልነበረንም። ተነሥተው ለሐኪሙ «ይህ ሰው ሌላ ነገር አለው» ብለው ነገሩት፤ አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ጎንደር ተላከ። መንገድ ላይ፣ አይከል ሳይደርስ አረፈ። ልብ ነው ተባለ።

ማንም ማንንም አልወቀሰም። ጋሽ ሞላ ግን የዚያን ሰው መስታወት «ይህን አትጠቢው» ብለው ከሌሎቹ ለዩት። ሥራ ሲቀል አውጥተው ያዩታል። «ወታደሮቹ ነግረውኝ ነበር፤ ቋንቋቸውን ግን አልቻልኩም» ይላሉ። ጡረታ ወጥተው ሳንጃ ከተማ ልጃቸው ዘንድ እስኪገቡ ድረስ «በማን ላይ ነው የወጣው?» የሚለው ጥያቄ ከአፋቸው አልጠፋም። እኔም ወረስኩት።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

የበኩር ልጄ ማስረሻ ይባላል። የሰሊጥ እርሻ ላይ የትራክተር ኦፕሬተር ነው፣ ሠላሳውን ገና ማለፉ ነው። ሲጋራ ያጨሳል፤ «እንቅልፍ ያባርርልኛል» ይላል። ጠባዩ ግን ለስላሳ ነው። ሰው ሲሰድበው የሚስቅ፣ ሕፃን ሆኖ እንኳ አልቅሶ የማያስቸግር ልጅ ነበር። እኔ ከሥራ በተሰናበትኩበት ክረምት፣ ዲስክ የሚሉትን የትራክተር ማረሻ ሲጎትት ውሎ ጓደኛው በሞተር ሳይክል ደግፎ አመጣው። አመድ መስሏል፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አይደል እማዬ፤ ጨጓራዬ ነው።»

ያችን ቃል ስሰማ ያ ካቦ ፊቴ ላይ ቆመ። «ጨጓራ አትበለኝ! ሁለተኛ ጨጓራ አትበለኝ!» ብዬ ጮህኩ። ባጃጅ አስጠርቼ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ወሰድነው። አሁን መሣሪያው አለ፤ ሽቦ ደረቱ ላይ ለጥፈው አነበቡት፣ መድኃኒት አስዋጡት፣ ወዲያው ወደ ጎንደር ላኩት። መንገዱን ሁሉ እጄን ከአፍንጫው ስር አላነሣሁም። አይከልን ስናልፍ አለቀስኩ። እሱ «ምነው እማዬ፣ ደረስን እኮ» ይለኛል።

ተረፈ። ያከመችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሲሻለው እኔን፣ አባቱንና እሱን አንድ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችን፦ «የልብን ሥጋ የሚያጠጣው የደም ሥር ተቆጥቶ ነበር። ቁጣው እንዲበርድ ይህን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ። ሲጋራም ቁጣ ይጨምራል፣ ይተው።» ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብላም ጠየቀችን። የባለቤቴ የተገኘ ወንድም እርሻ ላይ በድንገት ወድቆ ነው የሞተው፤ ነገርናት። የደም ስብ በዘር ሊበዛ ስለሚችል ሌሎቹም ልጆች ይታዩ አለችን። ለሌሎቹም ፈራሁ።

ማስረሻ አባቱን ተደግፎ ወጣ፤ ሐኪሟ ልትነሣ ስትል ግን እኔን አላስቻለኝም። «ልጄ፣ የተቆጣው በማን ላይ ነው?» አልኳት።

ቁጭ አለች። «እንዴት ማለትዎ ነው፣ እናቴ?»

«ቁስል የሚቆጣው ጀርም ሲገባበት ነው። የደም ሥሩ ውስጥ ምን ገባበት?»

እስክሪብቶ አውጥታ የጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ ሣለችልኝ። «ብዙ ሰው ስብ እንደ ውሃ ቧንቧ ዝገት ከውስጥ ተለጥፎ የሚደፍን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ስቡ ግድግዳው ራሱ ውስጥ ይሰርጋል። እዚያ ሲቆይ ይበላሻል፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ያየዋል። ያኔ ግድግዳው በአጠገቡ የሚያልፉትን ነጭ ሴሎች የሚይዝ ሜንጦ ያወጣል። ሞኖሳይት የሚባሉት ይያዛሉ፣ ተሽሎክሉከው ይገባሉ...»

«ውስጣቸው እንደ ባቄላ የጎበጠው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ! እሱ ነው። የት አዩት?»

ነገርኳት። ደስ አላት። «እንግዲያው ይቀለናል» ብላ ቀጠለች። «ባቄላው ግድግዳው ውስጥ በላተኛ ይሆናል። ስቡን ይውጣል።»

«ይጨርሰዋላ?»

«አይጨርሰውም። ይውጣል፣ ይውጣል፣ ሆዱ አረፋ ብቻ እስኪሆን ይውጣል። መሄድ ያቅተዋል። እዚያው ይሞታል። ሳይሞት በፊት ደግሞ ሌሎቹን ይጠራል፤ ትእዛዝ የሚሰጡ ነጭ ሴሎች አሉ፣ እነሱም ይመጡና በላተኞቹን ያጣድፏቸዋል። እብጠቱ ከላይ በስስ ክዳን ይሸፈናል። ቁጣው ከበረታ ክዳኑን ራሱን ያሳሳዋል። አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ደም ስንጥቁን ቁስል መስሎት ሊደፍነው ይረጋበታል። መንገዱ በአንድ አፍታ ተዘጋ ማለት ነው። የማስረሻም ይኸው ነው።»

ሥዕሉን አየሁ። የገዛ ወታደሮቹ ናቸው። ሊያድኑት ገብተው፣ ያልቻሉትን ውጠው፣ እርዳታ ሲጠሩ ቤቱን ሊያፈርሱበት ነበር።

«ታዲያ በላተኛውን ለምን አታስቆሙትም?»

«እሱን ጨርሰን ካስቆምነው ሳንባ ነቀርሳውን ማን ይይዝልናል? ቁጣውን ብቻ ለይቶ ማብረድ ነው ከባዱ፤ እያጠኑት ነው። አሁን ያለን ስቡን የሚቀንስ ኪኒን ነው፤ ክዳኑንም ያጠነክራል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። ሌላዋ ደም እንዳይረጋ ነች። ሁለቱም ከተቋረጡ ግን ዋጋ የላቸውም።»

ያን ቀን ከሆስፒታሉ ግቢ ሳንጃ ደወልኩ። ጋሽ ሞላ ጆሯቸው ከብዷል፤ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አላፊ አግዳሚው ይሰማል።

«ስለዚህ ያ ካቦ...» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ጠላት ሳይኖር የወጣው ወታደር።»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። እኔም በኋላ አንብቤያለሁ። ያኔ ያየነው ዘለላ የሞተውን የልብ ሥጋ ሊጠርግ የወጣው ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ የነበሩትን ግን በጣት ደም የሚያይ የለም። አላየናቸውም፣ አለም። ነበሩ፣ አላየናቸውም።» ከዚያ ድምፃቸውን ለወጥ አደረጉ። «ልጁ እንዴት ነው? እሱን ንገሪኝ።»

ልጁ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ «ተቆጣ» የሚለውን የሐኪሟን ቃል በቁስል ነበር የሰማሁት፤ ዕድሜዬን የኖርኩት ቁስልና ደም ባለበት ነው። ሌሎቹ በምን እንደሰሙት መጠየቅ አልመጣልኝም። ተገኘ ቤት እንደገባን ለሁሉም አዋጅ አወጀ። «ማስረሻን የሚያናድድ ሰው ከኔ ጋር ነው ጠቡ! ሐኪሟ ተናግራለች፤ እንዳይቆጣ!» አለ። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ በር ላይ ይመክረዋል። ስለ ዝናቡ መጥፋት አይወራም፣ ስለ ሰሊጡ አይወራም። ታናሿ ልጄ ሳህን ብትሰብር «ቀስ! ይሰማል» ትባላለች። እኔም ፀጥታው ደግ ነው ብዬ ተውኩት።

ትልቁን ነገር ደግሞ ደበቅነው። ማስረሻ ጎንደር ተኝቶ ሳለ ባለ እርሻው ትራክተሩን ለሌላ ኦፕሬተር ሰጥቶታል። ያን ትራክተር ልጄ ድምፁን ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ ያውቃል። «ከተነገረው ይቆጣል፣ ከተቆጣ ይሞታል» አለ ተገኘ።

አንድ ጠዋት ማስረሻ የውሃ ጀሪካን አንሥቶ ከበር ሳይገባ ቁጭ አለ። ጀሪካኑ ተደፋ። ግንባሩ ላይ ያንን ላብ አየሁ። ገንዳ ውሃ ወስደን በመሣሪያ ታየ፤ አዲስ ጉዳት የለም አሉ፣ ግን መድኃኒቱን በደንብ ይወስዳል ወይ ብለው ጠየቁ። «አዎ» አልኩ በድፍረት። ቤት ስንገባ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የመድኃኒት ፌስታል አወረድኩ። አቧራ ለብሷል። ኪኒኖቹ ሞልተው እንደታሸጉ ናቸው።

«ማስረሻ! ይህን ትተኸዋል?»

«አዎ» አለ ረጋ ብሎ። «ለምን እውጣለሁ እማዬ? የቁጣ መድኃኒት አይደል? ከጎንደር ከመጣሁ አንድ ቀን ተቆጥቼ አይተሽኛል?»

ተገኘ ከጎኑ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው። አንድ ቀን አልተቆጣም፤ እኔ ምስክር ነኝ።»

ልሣቅ ወይስ ልጩህ? ሐኪሟ ስለ ደም ሥሩ ተናገረች፤ እነሱ ስለ ጠባዩ ሰሙ። አንድ ቃል ናት። በዚያች ቃል ልጄ ሊሞት ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አደረግሁት። አምና ዲስኩ አንሸራትቶ የቆረጠው ጠባሳ አለ።

«ይህ ሲቆስል ትዝ ይልሃል? በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ?»

«ቀላ፣ አበጠ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ተቆጣ።»

«ማን ተቆጣ?»

«ቁስሉ ነዋ።»

«አንተስ? አንተ ያን ቀን በማን ላይ ተቆጥተህ ነበር?»

አባቱን አየው።

«አልተቆጣሁም። ተኝቼ ነበር።»

«አዎ፣ ተኝተህ ነበር። እግርህ ግን ይቆጣ ነበር። ያ የቀላው ሥጋ ውስጥ ወታደሮቹ ገብተው ነው። አሁንም ልብህ ዘንድ ገብተዋል። አንተ እየሳቅህ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ኪኒኑ ላንተ አይደለም ልጄ፤ ለነሱ ነው።»

ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ታዲያ እንዲህ ብላ አትነግረንም ነበር?» አለ።

«ነገረችን፤ እኛ ነን ሌላ የሰማነው» አለ ተገኘ፣ እንደማፈር ብሎ።

ታናሿ ልጄ ውሃ አመጣች። ማስረሻ ኪኒኖቹን ፈልቅቆ ዋጠ። ብርጭቆውን አስቀመጠና አፉን ጠረገ።

«እንግዲህ የኔ ቁጣና የደም ሥሬ ቁጣ ከተለያየ፣ ለምንድነው ይህን ሁሉ ቀን በሹክሹክታ የምታወሩት? ለመሆኑ ትራክተሬን ማን ይዞታል?»

ተገኘ ጣሪያ ያያል። እኔ ፈራሁ። ንዴት ለልብ ምንም አይደለም ያለኝ ሐኪም የለም። ግን ይህን ልጅ ከዚህ በላይ እንደ ሬሳ ልጠብቀው አልቻልኩም። ነገርኩት፣ ማን እንደያዘው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ።

ከዚያ ተቆጣ። በሕይወቱ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ሳልሞት ወረሳችሁኝ? እኔ ታመምኩ እንጂ ጠፋሁ? ያ ሰውዬ ክላቹን ያቃጥለዋል! ማርሽ መቀየር አያውቅም! ለምን አልነገራችሁኝም?» እያለ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ተገኘ «ማስረሻ፣ ልጄ፣ ቀስ...» ሲል «ቀስ አትበለኝ!» አለው። እኔ አንገቱ ላይ የተገተረውን የደም ሥር እያየሁ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ግንባሩን አየሁ፤ ላብ የለም። ከንፈሩን አየሁ፤ አልነጣም።

ጫማውን አጠለቀ። «ባለ እርሻውን ላነጋግረው ነው። ማሽኑን መንዳት እስክችል እንኳ ከሰውዬው አጠገብ ቆሜ አሠራዋለሁ» አለና ወጣ።

ተከተልኩት። ላስቆመው አልነበረም፤ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ እንጂ። ወደ እርሻው በሚወስደው የትራክተር መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ እኔ በሩቅ። ትከሻውን አያለሁ። ወደ ቀኝ ያጋደለ መሰለኝ፣ ደግሞ ቀና አለ። አንዴ ቆመ፤ ልቤ ቆመች። ሱሪው ላይ የተጣበቀ አሜከላ ሊነቅል ነው። ዞር ሲል አየኝ።

«እማዬ፣ ተመለሽ!» ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ ሙሉ ሆኖ።

ተመለስኩ።